የዓለም አቀፍ ጥናት ተማሪን «ለራሱ ተውት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በመምህራንና በተማሪዎች መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኛል። ርእሱ «አማካሪ ለማን?» ይላል። ጸሐፊው በዓለም አቀፍ ጥናት ተመርቀው ሥራ የያዙ ሰው ናቸው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የትምህርት አማካሪ የሚባለው አሠራር በተለይ ለዚህ ዘርፍ ተማሪዎች ጥቅም የለውም፤ አማካሪው ፈራሚ ነው፤ የሚፈለገው መረጃ ሁሉ ስልክ ላይ ይገኛል፤ ዘርፉ ሥራ ስለሌለው ለተማሪው የሚገባው ሐቀኛ ምክር «ቶሎ ቀይር» የሚል ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ ለቻለ ሌላ ቋንቋ ትርፍ ድካም ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ አዋቂ ነውና ለራሱ ይተው። በመጨረሻም አንድ መምህር ያን ሁሉ ተማሪ ተሸክሞ ማማከር አይችልም ሲሉ ይደመድማሉ።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልክ የሆኑባቸው ቦታዎች አሉ፤ ምሬታቸው ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ነገር ግን መሐል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ዘርፍ ሳስተምርና ሳማክር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ጽሑፍ በዝምታ ባልፈው፣ ነገ ቢሮዬን ሊያንኳኳ የነበረ ተማሪ ከመንገድ ሲመለስ እያየሁ ዝም ያልኩ ያህል ይሰማኛል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ «አማካሪው ፈራሚ ነው» የሚለው። ጸሐፊው በአራት ዓመት ውስጥ አማካሪያቸውን ያገኙት ስምንት ጊዜ እንደሆነ፣ ያውም ቆመው ለማስፈረም ብቻ እንደነበር ይናገራሉ። አምናቸዋለሁ፤ እኔም ያንኑ ቀምሻለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር የተመደቡልኝ አማካሪ ቀና ብለው ሳያዩኝ ፈርመው ቅጹን ይመልሱልኝ ነበር። ከመጨረሻው ሴሚስተር በፊት በነበረው ሴሚስተር የምርምር ዘዴ ኮርሱን ትቼ በቦታው ቀለል ያለ፣ በምርጫ የሚወሰድ ኮርስ አስገባሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር እወስደዋለሁ ብዬ ነበር። ኮርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ያለ እርሱም ለመመረቂያ ጽሑፍ መመዝገብ እንደማይቻል የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያወቅኩት ሬጅስትራር መስኮት ላይ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ቆሞ፣ የመስኮቱ ሠራተኛ በእስክሪብቶዋ ባዶውን መስመር እየጠቆመች ስታሳየኝ ነው። እናቴ ለምረቃው ድግስ ጌሾ አስወቅጣ፣ ከእድሯ ድንኳን ተነጋግራ ነበር። ማታ ስነግራት አልተቆጣችም። «ድንኳኑን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ልንገራቸው» ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ጓደኞቼ ተመርቀው ሥራ ሲፈልጉ እኔ አንድ ኮርስ ለመጠበቅ ዓመቱን ሙሉ ግቢውን ተመላለስኩ።

ያ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ንባብ የሚቀር ነገር ነበር። ጸሐፊው ከእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ተነስተው አማካሪው ይቅር ይላሉ፤ እኔ ከዚያው ታሪክ ተነስቼ አማካሪው ከመፈረሙ በፊት ያንብብ እላለሁ። ዛሬ ተማሪ በሩ ላይ ቆሞ «መምህር፣ ይፈርሙልኝ፤ ሬጅስትራር ሊዘጋ ነው» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የውጤት ወረቀቱን ነው። ቅጹ የሚነግረኝ ተማሪው ምን ሊወስድ እንደሚፈልግ ነው። ያልወሰደውን፣ ወስዶ የወደቀውንና በስህተት ሁለት ጊዜ ሊወስደው የተዘጋጀውን የሚያሳየኝ ግን የውጤት ወረቀቱ ነው።

ይህ ደግሞ በእኛ ዘርፍ ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋል። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ አንዱን ኮርስ ሳይጨርስ ወደ ሁለተኛው አይሻገርም፤ ቁጥራቸው ራሱ ተራውን ይነግረዋል። ዓለም አቀፍ ጥናት ግን ከታሪክ፣ ከኢኮኖሚክስ፣ ከፖለቲካ፣ ከሕግና ከጂኦግራፊ የተሸመነ ትምህርት ነው። ኮርሶቹ ሲታዩ በፈለጉት ቅደም ተከተል የሚወሰዱ ይመስላሉ። የኢኮኖሚክስ መግቢያን ሳይወስድ ዓለም አቀፍ የፖለቲካ ኢኮኖሚ ውስጥ የገባ ተማሪ የውጭ ክፍያ ሚዛን ሰንጠረዥ ፊት ሲያፈጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰነፍ አልነበረም፤ ደረጃ ዘሎ ነበር።

ስለ ዓባይ ውኃ መጻፍ የሚፈልገውን ተማሪ ደግሞ እንውሰድ። በየዓመቱ ብዙዎቹ የሚመርጡት ርእስ ይህ ነው፤ ፍላጎታቸውም ደስ ይለኛል። በ1929 እ.ኤ.አ. ብሪታንያና ግብጽ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግብጽና ሱዳን የተፈራረሟቸው ስምምነቶች አሉ። ኢትዮጵያ በሁለቱም ውስጥ የለችም። «ታዲያ ይገዙናል ወይስ አይገዙንም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት አንድ ስምምነት ያልፈረመውን አገር ስለ መግዛቱና አለመግዛቱ የሚያስተምረውን የዓለም አቀፍ ሕግ ኮርስ ቀድሞ መውሰድ ያስፈልጋል። ሳይወስድ የጻፈ ተማሪ በአገር ፍቅር የሞላ ሠላሳ ገጽ ያመጣል፤ ፈታኙም በመጀመሪያው ጥያቄ ያስቆመዋል። ይህን ኮርስ እንዲወስድ ሊነገረው የሚገባው ርእሱን ሲያጸድቅ አይደለም። ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆኖ ስለ ዓባይ ማውራት ሲጀምር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ መረጃው ሁሉ ስልክ ላይ አለ የሚለው ነው። መረጃ መኖሩን አልክድም። ችግሩ የማን መረጃ ነው የሚለው ላይ ነው። በቅርቡ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በስልኳ ላይ ካለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ያገኘችውን የአራት ዓመት እቅድ በወረቀት አትማ አመጣችልኝ። ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነበር። አንድ የዓለም ክፍል ምረጪ፤ አንድ የውጭ ቋንቋ እስከ ከፍተኛ ደረጃ አድርሺ፤ በሦስተኛ ዓመትሽ አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር ተማሪ፤ ከመሄድሽ በፊት ክሬዲቱ እንዲያዝልሽ አስፈቅጂ ይላል። ይህ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የዓለም አቀፍ ጥናት ተማሪዎቻቸውን የሚያስኬዱበት መንገድ ነው፤ እዚያ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ቢሮ አለ፤ ተማሪውም በሩን ያውቀዋል። ልጅቷ ግን ያንን ቢሮ በእኛ ግቢ ስትፈልግ ሁለት ቀን ዞራ ነበር። በእቅዱ ላይ ያልነበረውም ነገር አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የሚቀመጥበት የመውጫ ፈተና። ሃምሳ ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም።

በቴሌግራም የሚዘዋወረው ምክር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። እዚያ ዋናው ጥያቄ የትኛው መምህር ውጤት ይሰጣል የሚል ነው። ተማሪው በዚያ እየተመራ ከባዶቹን መሠረታዊ ኮርሶች በትንሹ አልፎ፣ ምርጫ ኮርሶቹን በቀላሉ ሰብስቦ፣ አማካይ ውጤቱን አሳምሮ አራተኛ ዓመት ይደርሳል። የመውጫ ፈተናው የሚጠይቀው ግን እነዚያኑ በትንሹ የታለፉትን መሠረታዊ ኮርሶች ነው። ከዚህ በላይ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ በተከለሰ ቁጥር ከአንድ ዓመት በፊት የገባውና ዘንድሮ የገባው ተማሪ የሚጠየቁት ኮርስ ይለያያል። ታላላቆቹ ከልባቸው የሰጡት ዝርዝር ለእነርሱ ልክ ነበር፤ ለእርሱ ስህተት ነው።

ሦስተኛው፣ ሥራ የለውምና ቀይር በሉት የሚለው። ይህኛው ነጥብ ያሳዘነኝ ጸሐፊው የሚሠሩበትን ከተማ ስለማያዩት ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ቆሟል። ቦታው ቀድሞ እስር ቤት ነበር፤ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ዓለም በቃኝ» ነው። ዛሬ እዚያ የ55 አገሮች ባንዲራ ይውለበለባል። ካዛንቺስ በ1958 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ አለ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመበት የአፍሪካ አዳራሽም እዚያው ነው። ከስድስት ኪሎ በታክሲ ወርዶ የሚደረስ ቦታ ነው። በከተማዋ ከ100 በላይ ኤምባሲዎች አሉ። ሌላ አገር ያለ የዘርፉ ተማሪ በመጽሐፍ የሚያውቀውን የእኛ ተማሪ በታክሲ መስኮት ያየዋል። የሚያልፈው ግን እንደ አጥር ነው፤ በሩ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈት የነገረው የለም።

መቼ የሚለው ቃል ላይ ልቆይ። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት የተግባር ልምምድ ሲያወጣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን የሚቀበለው የመጨረሻ ዓመት ላይ ከደረሰ ነው፤ የተመረቀም ከሆነ ከተመረቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ያ ዓመት ካለፈ በሩ ተዘጋ። ልምምዱ ክፍያ የለውም። ከናይሮቢ ወይም ከዳካር ለሚመጣ ወጣት ይህ ማለት ለወራት የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ከኪሱ መክፈል ማለት ነው። ጉለሌ ወይም ጨርቆስ ከወላጆቹ ጋር ለሚኖር የእኛ ተማሪ ግን ወጪው ከታክሲ ብዙም አይበልጥም። የቦታ ዕድል ማለት ይህ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ ያልፋል። ተማሪዎቼ ስለዚህ ዕድል የሚሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ከተመረቁ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሲነግሩኝ የሚታይባቸውን ፊት መርሳት አልችልም።

ሥራው ደግሞ በእነዚህ ሁለት ግቢዎች አያበቃም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት በ2018 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ ተፈርሟል። እነዚህን ሰነዶች አንብቦ ለነጋዴ፣ ለባንክ የውጭ ንግድ ክፍል፣ ለጉምሩክ አስተላላፊ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ዘርፉን የተማረ፣ በዚያ ላይ ሁለት የኢኮኖሚክስና አንድ የስታቲስቲክስ ኮርስ የጨመረ ተማሪ ይህን ሥራ መያዝ ይችላል። እነዚያን ሦስት ኮርሶች ምርጫ አድርጎ እንዲወስዳቸው በጊዜው የሚነግረው ሰው ግን ይፈልጋል። ትምህርቱ በእርግጥ የማይስማማው ተማሪም አለ፤ በአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ላይ ስለ ዓለም ጉዳይ የሰማው ጥሞት ገብቶ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ንባቡ የሰለቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀይር ብያለሁ፣ እስከ አዲሱ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ድረስም አብሬው ሄጃለሁ። ለሁሉም ግን አንድ መድኃኒት አይታዘዝም።

አራተኛው የቋንቋ ነገር ነው። ጸሐፊው እንግሊዝኛ ይበቃል ይላሉ። የአፍሪካ ኅብረት ቋንቋዎች ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ስዋሂሊ ናቸው። ገቢና ወጪ ንግዳችን በአብዛኛው የሚያልፍባት ጅቡቲ የምትሠራው በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ነው። ሱዳን በዐረብኛ፣ ኬንያ ከእንግሊዝኛ ጋር በስዋሂሊ። የቀደሙት ይህን ያውቁት ነበር፤ በ1946 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስክንድርያ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት፣ በኋላም እዚያው ፓሪስ የተማሩ ነበሩ። ፒያሳ አካባቢ በ1907 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ፈረንሳይኛ ያስተምራል። ሁለተኛ ዓመት ላይ የጀመረ ተማሪ ሲመረቅ ጋዜጣ ማንበብ ይችላል፤ አራተኛ ዓመት ላይ የጀመረ ደግሞ ሲመረቅ ሰላምታ ላይ ነው።

ከዚህም በላይ ልቤ ውስጥ ያለ አንድ ተማሪ አለ። ከጋምቤላ የመጣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ለተግባር ልምምድ የሚያመለክትበትን የሕይወት ታሪክ ወረቀት እንዳየው ሰጠኝ። ቋንቋ በሚለው ሥር «እንግሊዝኛ፣ አማርኛ» ብሎ ጽፏል።

«ቤት ውስጥ የምትነጋገሩትስ?» አልኩት።

«ኑዌርኛ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»

ትንሽ ዝም አለ። «እሱማ የቤት ነው፣ መምህር። የትምህርት አይደለም» አለኝ።

ኑዌርኛ ከደቡብ ሱዳን ድንበር ወዲህም ወዲያም የሚነገር ቋንቋ ነው። የደቡብ ሱዳን ተፋላሚዎች መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. የሰላም ስምምነቱን የፈረሙት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከዚያች አገር የተሰደዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም በእርሱ ክልል በመጠለያ ይኖራሉ። እነዚያን እናቶች ያለ አስተርጓሚ ማነጋገር የሚችል የዓለም አቀፍ ጥናት ተማሪ ቢሮዬ ተቀምጧል፤ እርሱ ግን ይህን እንደ ዕውቀት አልቆጠረውም። እስክሪብቶ ሰጠሁትና ቋንቋውን ከእንግሊዝኛ በላይ በመጀመሪያው መስመር እንዲጽፈው ነገርኩት። የመመረቂያ ጽሑፉንም በዚያው በስደተኞቹ ላይ ሠራ፤ ቃለ መጠይቁን ያደረገው በእናቱ ቋንቋ ነው። ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ትግርኛ የሚናገሩ ተማሪዎቼም እንዲሁ ድንበር የሚሻገር ቋንቋ ይዘው መጥተው የቤት ነው ብለው ይደብቁታል። ስልክ ይህን አይጠይቃቸውም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ቤት ውስጥስ?» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

አምስተኛው፣ ተማሪው አዋቂ ነውና ለራሱ ይተው የሚለው። አዋቂ መሆኑን አልከራከርም፤ ውሳኔውም የእርሱ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው በዚያው ጽሑፋቸው መጨረሻ አካባቢ፣ የመጀመሪያ ሥራቸውን ያገኙት አጎታቸው እራት ላይ ስለ አንድ ማስታወቂያ ስለነገሯቸው እንደሆነ ጽፈዋል። ደግሜ ያነበብኩት ይህን ዐረፍተ ነገር ነው። አጎትየው የሰጡት ምክር ነው። ጸሐፊው አማካሪ ነበራቸው፤ ቢሮው ምግብ ጠረጴዛ ሆነ እንጂ። ማማከርን ከዩኒቨርሲቲው ብናስወጣ ምክር አይጠፋም፤ ዘመድ ያለው ቤት ይቀራል። ከወልድያ ወይም ከአርባ ምንጭ መጥቶ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆኖ የሚኖረው ልጅ፣ ከቤተሰቡ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባው እርሱ የሆነው ልጅ፣ እራት ላይ ማን ይነግረዋል?

የመጨረሻው ነጥባቸው የቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። አንድ መምህር ከመቶ በላይ ተማሪ ተመድቦለት በምዝገባ ሳምንት ሁሉንም ማነጋገር አይችልም። በሠራሁባቸው ቦታዎች ማማከር በመምህሩ የሥራ ጫና ስሌት ውስጥ ክብደት ሲሰጠው አላየሁም፤ ስለዚህ ቢሮውን የሚዘጋው መምህር ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሥራው እንደ ሥራ ስላልተቆጠረለት ነው። ትምህርት ክፍሎች ይህን ሰዓት ቆጥረው ይመዝግቡት። የምዝገባ ሳምንትን ለማማከር መጠቀምም ይቅር፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰልፍ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሁለተኛ ዓመቶችን እናስቀድም፤ አብዛኛው መንገድ የሚለየው እዚያ ነው፤ እኛ ግን ጊዜያችንን ለተመራቂዎች እንሰጣለን።

በበኩሌ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁለተኛ ዓመቶችን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት አሥር አሥር እያደረግኩ እቀበላለሁ። እያንዳንዱ የውጤት ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። የሁሉንም ተራ በተራ እናነባለን፤ የአንዱን ስህተት ዘጠኙ ስለሚሰሙት ሳልነግራቸው የራሳቸውን የሚያርሙ አሉ። ለብቻ መነጋገር የሚፈልግ ወደ ኋላ ይቀራል። ጸሐፊው ከመሥሪያ ቤታቸው አንድ ረቡዕ ማስፈቀድ ቢችሉ፣ አጎታቸው የነገሯቸውን ለእነዚህ አሥር ልጆች እንዲነግሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወንበር አለ።